በእጅ የሚነፋው ቢፒ አፓራተስ (የደም ግፊት መለኪያ)፦ የፓራሜዲክ ሥልጠና ጥሪ ለሚጠብቅ ሰው ያዋጣል?

ለፓራሜዲክነት፣ ማለትም ለአምቡላንስ የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያነት፣ ተመዝግቦ፣ ፈተናውን አልፎ፣ ሥልጠናው የሚጀመርበትን ቀን የሚጠብቅ ሰው እጁ ሥራ ይፈልጋል። ብዙው ዕጩ ታዲያ ቶሎ ብሎ ዕቃ ይገዛል። አዳማ ላይ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጁ አካባቢ ካሉት መድኃኒት ቤቶችና የሕክምና ዕቃ መሸጫዎች አንዱ ጋ ጎራ ብላችሁ «ፓራሜዲክ ልማር ነው» ካላችሁ የሚደረደርላችሁ ብዙ ነው፦ የጣት ኦክሲሜትር (የደም ኦክስጅን መለኪያ)፣ ባለ ባትሪ ቢፒ፣ ቱርኒኬት (ደም ማቆሚያ ማሰሪያ)፣ ጓንት በካርቶን። ፍርዳችንን ከላይ እናስቀምጠው። አሁን ገንዘብ ማውጣት የሚገባው ለአንድ ዕቃ ብቻ ነው፤ በዚፕ ቦርሳ ለሚሸጠው በእጅ የሚነፋ ቢፒ አፓራተስ። እሱም ሱቁ ውስጥ ተፈትኖ ካለፈ ነው። አብሮት የሚመጣው ስቴቶስኮፕ (ማዳመጫ) ግን ብዙ ጊዜ ደካማ ነው።

ባለ ባትሪው እያለ ለምን በእጅ የሚነፋው? ባለ ባትሪው ድምፅ አያዳምጥም። የደም ስሩ ትርታ ካፉ፣ ማለትም ክንድ ላይ የሚታሰረው ጨርቅ፣ ውስጥ ባለው አየር ላይ የሚፈጥረውን ንዝረት ይለካና ቁጥሩን በስሌት ያወጣል። መኪናው ሲንገጫገጭ፣ ታካሚው ሲንቀጠቀጥ ወይም የልብ ምቱ ሲዘበራረቅ የሚሰጠው ቁጥር አይታመንም፤ አንዳንዴም ጭራሽ ቁጥር አያወጣም። በአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ ተጎጂ ጭኖ በሚሮጥ አምቡላንስ ውስጥ የሞተሩና የሳይረኑ ጩኸት ጆሮን ሲያደነቁር፣ በእጅ የሚነፋው በጣት ብቻ ሊሠራ ይችላል። ካፉን ነፍቶ፣ ቀስ እያሉ እየለቀቁ፣ የእጅ አንጓ ላይ ትርታው የሚመለስበትን ቁጥር መያዝ ነው። የላይኛው ግፊት በግምት እሱ ነው፤ የታችኛው በዚህ መንገድ አይገኝም። ደግሞም የተግባር ፈተና ላይ የሚታየው ቁልፍ መጫን መቻላችሁ ሳይሆን ካፍ ማሰራችሁ፣ ደም ስር ማግኘታችሁና ሰምታችሁ መጻፋችሁ ነው።

ወደ ሱቁ እንግባ። ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» ማለቱ አይቀርም። እናንተ ግን ቦርሳውን አስከፍቱና ዕቃውን ራሱን ጠይቁት።

መጀመሪያ ጌጁ፣ ማለትም ግፊቱን በቀስት የሚያሳየው ክብ መለኪያ። ቫልቩ (አየሩን የሚዘጋውና የሚለቀው ብሎን) ተከፍቶ፣ ካፉ ባዶ ሆኖ፣ ቀስቷ ዜሮው ላይ በተሳለችው ጠባብ ምልክት ውስጥ መቆም አለባት። 4 ወይም 6 ላይ ከቆመች ዕቃው ወድቋል ወይም ተመትቷል። «ከውጤቱ ላይ እሷን መቀነስ ነው» ብለው ሊያሳምኗችሁ ቢሞክሩ አትቀበሉ። ውስጡ ያለው ስስ የብረት ሽፋን ከተጣመመ ስህተቱ ከታች እስከ ላይ አንድ ዓይነት አይሆንም፤ ዜሮ ላይ 4 ያሳተ፣ 160 ላይ 10 ሊያስት ይችላል። ሌላም ተንኮል አለ። አንዳንድ ርካሽ ጌጅ ዜሮው ላይ ቀስቷን የምታቆም ትንሽ ፒን አላት። ጌጁ ወደ ታች ቢዛባ እንኳ ቀስቷ ፒኗ ላይ ተደግፋ ደህና ትመስላለች። ፒን የሌለውን ምረጡ።

ቀጥሎ አየር ያፈስሳል ወይ? ካፉን ባዶውን አትንፉት፤ ይለጠጥና ይበላሻል። ያልተከፈተ የ2 ሊትር ሃይላንድ ውሃ ላይ ጠቅልሉት፤ ዙሪያው ለአዋቂ ክንድ ይቀርባል። ቫልቩን በሰዓት አቅጣጫ አዙራችሁ ዝጉ፣ እስከ 200 ንፉ፣ ጥቂት ሰከንድ ቆይታችሁ ከረጋ በኋላ አንድ ደቂቃ ቁጠሩ። በዚያች ደቂቃ ውስጥ ከ4 ሚሊሜትር ሜርኩሪ በላይ ከወረደ ያፈስሳል ማለት ነው። ከየት እንደሆነ ለማወቅ ወደ አምፑሉ፣ ማለትም ወደምትጨምቁት የላስቲክ ኳስ፣ የሚሄደውን ቱቦ አጥፋችሁ ያዙ። መውረዱ ከቆመ ጥፋቱ ቫልቩ ወይም አምፑሉ ነው፤ እነሱ ይቀየራሉ። ካልቆመ ካፉ ውስጥ ያለው ፊኛ ወይም የጌጁ መጋጠሚያ ነው፤ ሌላ አስወጡ።

ሦስተኛው የቫልቩ ጠባይ ነው፤ ገዢው ሁሉ የሚዘልለውም ይህንኑ ነው። የጌጁ አንዷ ትንሽ ጭረት 2 ናት። ትክክለኛው የአለቃቀቅ ፍጥነት በሰከንድ ከ2 እስከ 3 ስለሆነ ቀስቷ በሰከንድ አንድ ጭረት ገደማ እየወረደች መሄድ አለባት። መጥፎ ቫልቭ በመጀመሪያ አልንቀሳቀስ ይልና ትንሽ ሲዞር በአንዴ 20 ይወርዳል። በእንዲህ ዓይነቱ የተማረ እጅ መጥፎ ልማድ ይዞ ይቀራል፤ ቶሎ ሲለቀቅ የላይኛው ቁጥር ዝቅ፣ የታችኛው ከፍ ብሎ ይነበባልና። በመጨረሻ እስከ 260 ንፉና ቫልቩን ሙሉ በሙሉ ክፈቱት፤ 15 ላይ ለመድረስ 10 ሰከንድ ሊበቃው ይገባል። ቀስቷ በመንገድ ላይ ከተንገራገጨች ወይም ከዘለለች ሣጥኑ ውስጥ መልሷት።

ካፉ ላይ ደግሞ የተጻፈውን አንብቡ። ጠርዙ ላይ ኢንዴክስ የሚል መስመር፣ ውስጡ ላይ ሬንጅ የሚሉ ሁለት ምልክቶች፣ መሃሉ ላይ የደም ስሩን ቦታ የሚያሳይ ቀስት አለ። ሲታሰር ኢንዴክሱ በሁለቱ ሬንጆች መካከል ካላረፈ ካፉ ለዚያ ክንድ አይሆንም። ቦርሳው ውስጥ ያለው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል መካከለኛው የአዋቂ መጠን ነው። ውስጡ ያለው ፊኛ ወርዱ ከክንዱ ዙሪያ 40 በመቶ፣ ርዝመቱ 80 በመቶ መሆን አለበት። የጠበበ ካፍ ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ የሰፋ ዝቅ ያደርጋል። በወፍራም ክንድ ላይ «ግፊት አለብዎት» የተባለ ሰው ሁሉ ግፊት የለበትም፤ ቀጭን ወጣትም «ግፊቴ ዝቅ አለ» ብሎ የሚጨነቀው አንዳንዴ በካፉ ምክንያት ነው። የልብስ ሰፊ ሜትር ቦርሳው ውስጥ ጨምሩ፤ ከዕቃው ሁሉ ርካሹ እሱ ነው። ፊኛው የሚወጣ ከሆነ ጨርቁ ይታጠባል፤ ደም በሚነካ ሥራ ውስጥ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስቴቶስኮፑ፦ አብሮ የሚመጣው ስስ ቱቦና አንድ ገጽ ብቻ ያለው ቀላል ዓይነት ነው። ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ለቢፒ ይበቃል፤ ሳንባ ለማዳመጥ ግን ያስቸግራል። ሱቁ ከተስማማ አፓራተሱን ለብቻው ግዙና ለስቴቶስኮፑ ባለ ሁለት ገጽ፣ ወፍራም ነጠላ ቱቦ ያለውን ፈልጉ። ሁለት ቱቦ ጎን ለጎን የሚወርድበት ዓይነትም በብዛት ይሸጣል፤ መስማቱ ጥሩ ነው፣ ግን ቱቦዎቹ እርስ በርስ ሲፋተጉ የሚያሰሙት ኩሽኩሽታ በሚንቀሳቀስ መኪና ውስጥ ያስመርራል። ስትሞክሩት የጆሮው ጫፎች ወደ ፊት፣ ወደ አፍንጫ አቅጣጫ ያዘነበሉ ሆነው ይግቡ። ሰፊውን ገጽ በጣት ጫፍ ቀስ ብላችሁ ንኩ። ካልተሰማ «ተበላሽቷል» ከማለታችሁ በፊት ጭንቅላቱን ቀጭ እስኪል አዙሩት፤ በሌላው ገጽ ተከፍቶ ይሆናል። የአዳማ ፀሐይ የዚህ ዕቃ ጠላት ነው። መኪና ዳሽቦርድ ላይ የዋለ ቱቦ ይደርቃል፣ ከዚያም ይሰነጠቃል። አንገት ላይ ማንጠልጠልም የቆዳ ወዝ ስለሚያስነካው እንዲሁ ያደርቀዋል፤ ፎቶ ላይ ቢያምርም። ማጽጃው 70 በመቶ አልኮል የነካ ጥጥ ነው። በረኪና አይነካው፣ ውሃ ውስጥም አይነከር።

እንግዲህ ዕቃው ተገዝቶ ጥሪው እስኪመጣ ጥቅም ላይ ይዋል። የሩሲያው ሐኪም ኒኮላይ ኮሮትኮቭ እ.ኤ.አ. በ1905 ያስተዋወቀው ዘዴ ዛሬም ያው ነው፤ ልዩነቱ የሚመጣው ከለኪው ጥንቃቄ ነው። ተለኪው ከቡና፣ ከሲጋራና ከጫት ቢያንስ 30 ደቂቃ ይራቅ። ሦስተኛው የቡና ዙር ላይ አፓራተስ ማውጣት ዋጋ የለውም። ወንበር ላይ ተደግፎ፣ እግሩን ሳያጣምር፣ 5 ደቂቃ ይረፍ። ክንዱ ጠረጴዛ ላይ በልብ ትክክል ይሁን፤ ወደ ታች ከተንጠለጠለ ቁጥሩ ይጨምራል። የሹራብ እጅጌ ወደ ላይ ተጠቅልሎ ክንድ ካጠበቀ ይውለቅ። ጎረቤት እናት ከሆኑ ቀድማችሁ ንገሯቸው፦ «እማማ፣ እጅዎን እዚህ ያሳርፉልኝ፤ እስክጨርስ አይናገሩ፣ ትንሽ ያጠብቃል።» ያለበለዚያ ልክ አየሩ መለቀቅ ሲጀምር ስለ ልጃቸው ሠርግ ማውራት ይጀምራሉ፤ ማውራትም ግፊት ያነሣል።

የካፉ የታች ጠርዝ ከክንድ መታጠፊያው 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ከፍ ይበል። ደም ስሩ መታጠፊያው ላይ በውስጠኛው በኩል፣ ከጅማቱ አጠገብ ይዳሰሳል። በመጀመሪያ የእጅ አንጓውን ትርታ ይዛችሁ ንፉና የሚጠፋበትን ቁጥር ያዙ፤ አየሩን ሙሉ በሙሉ ልቀቁ። ቀጥሎ ስቴቶስኮፑን አስቀምጣችሁ ከዚያ ቁጥር በ30 ከፍ እስኪል ንፉ። ይህን እርምጃ የሚዘልል ሰው አንዳንድ የግፊት ታማሚ ላይ ይሸወዳል። ድምፁ መሃል ላይ ጠፍቶ ዝቅ ብሎ እንደገና ስለሚመጣ፣ 190 የነበረውን 150 ብሎ ይጽፋል። መጀመሪያ የተሰማው ምት የላይኛው፣ ድምፁ ጨርሶ የጠፋበት የታችኛው ነው። መሃል ላይ «አልሰማሁም» ብሎ እንደገና ወደ ላይ መንፋት የለም። ሁሉን ልቀቁ፣ አንድ ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ ድገሙ።

የመዝገብ ነገር ላይ አሠልጣኞች ወዲያው የሚያውቁት ምልክት አለ። ጌጁ በ2 በ2 ስለሚሄድ ከሱ የተነበበ ቁጥር ሁሉ ለ2 የሚካፈል ነው። 127/83 የሚል ከተጻፈ ከጌጅ አልመጣም። በተቃራኒው ደብተሩ ሙሉ 120/80፣ 130/80፣ 110/70 ከሆነ ሰውየው ያነበበው ጌጁን ሳይሆን ልማዱን ነው። 118/76 መጻፍ አትፍሩ።

ውጤቱን መተርጎም ግን ገና የእናንተ ሥራ አይደለም፤ መድኃኒት ጨምሩ ወይም አቁሙ ማለት ፈጽሞ አይሞከርም። የላይኛው ከ180 በላይ ወይም የታችኛው ከ120 በላይ ከሆነ ከእረፍት በኋላ ድገሙት። ካልወረደ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ከዚህ ጋር የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የአንድ ወገን መድከም ወይም የንግግር መተሳሰር ካለ መድገም አያስፈልግም፤ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።

ስላልገዛችሁት ዕቃ ጥቂት። የጣት ኦክሲሜትሩ ጥሩ መሣሪያ ነው፣ ግን ድክመቱን ሳያውቁት ሲይዙት ያሳስታል። የጥፍር ቀለምና ቀዝቃዛ ጣት ያዛቡታል። በጥቁር ቆዳ ላይ ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ሊያሳይ እንደሚችል የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2021 አስጠንቅቋል። ከሁሉ የከፋው ከሰል ነው፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ የከሰል ጭስ የታፈነ ሰው ላይ መደበኛው የጣት ኦክሲሜትር ካርቦን ሞኖክሳይድን ከኦክስጅን መለየት ስለማይችል 98 ብሎ ሊያሳይ ይችላል፣ ሰውየው እየሞተ። ቱርኒኬቱ ደግሞ አስመስሎ የተሠራው ብዙ ነው፤ የሚጠመዝዘው የፕላስቲክ ዘንግ ሲጠብቅ ይሰበራል፣ ያም የሚታወቀው ደም እየፈሰሰ ነው። ጓንት በሙቀት ይበላሻልና በካርቶን አይገዛም። አምቡ ባግን (መተንፈስ ላቃተው ሰው አየር የሚገፋውን የእጅ ፊኛ) ያለ አሠልጣኝ መለማመድ አይቻልም። በዚያ ገንዘብ የቀይ መስቀል የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ ሥልጠና መውሰድ ይሻላል።

ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ አምፑልና ቫልቭ ለብቻው ይሸጣል? ቀድመው የሚሞቱት እነሱ ስለሆኑ፣ መለዋወጫ የሌለው ሱቅ በመጀመሪያው ብልሽት ሙሉ ዕቃ ያስገዛችኋል። ሁለተኛ፣ ጌጁ በሳምንት ውስጥ ከዜሮ ከተዛነፈ ይቀይራሉ? «እንቀይራለን» ካሉ ደረሰኙ ጀርባ ላይ አስጽፉና ማኅተም አስደርጉበት። የቃል ዋስትና ሻጩ ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።