የሳባሃር የሐር ስካርፍ፣ እናቴ ፈትሻ ያለፈው

ለእናቴ ለፋሲካ ብዬ ሳባሃር ከሚባለው የሽመና ድርጅት አንድ የሐር ስካርፍ ገዛሁላት። ከዛ በፊት ሌላ ሱቅ (ስሙን ልተወው) ንጹህ ሐር ነው ብለው ሸጠውልኝ ቤት ገብቼ ከጫፉ አንድ ክር መዝዤ በክብሪት ሳቃጥለው ቀልጦ ድብልብል አለ፣ ለካ ፖሊስተር ነው! ስለዚህ የሳባሃሩንም ሳላቃጥል አላመንኩም፣ የተቃጠለ ፀጉር ሸተተኝ በጣቴ ሳሸው ደሞ አመድ ሆነ። በቃ ሐር ማለት እሱ ነው።

ሳባሃርን በ2004 እ.ኤ.አ. የጀመረችው ካቲ ማርሻል የምትባል ካናዳዊት ናት፣ የሽመና ፍቅሯን ሥራ አድርጋው ይኸው ለስንቱ ፈታይና ሸማኔ እንጀራ ሆነ። የሐር ትሉ የሚበላው ያው በየጓሮው የሚበቅለውን የጉሎ ቅጠል ነው፣ የዚህኛው ትል ሐር ደግሞ እንደሌላው አንድ ወጥ ክር ሆኖ አይተረተርም፣ እንደ ጥጥ ነው የሚፈተለው። ይሄን ሁሉ ለእናቴ ላስረዳ ስል እሷ ቀድማኝ ጨርቁን መስኮት ጋ ወስዳ በጣቷ እየዳበሰች ክሩ ወፈር ቀጠን ያለበትን እያሳየችኝ "ይሄ የእጅ ፈትል ነው፣ ማሽን እንዲህ አይሳሳትም" አለችኝ። ድሮ እንዝርት ከእጇ አይለይም ነበር እኮ፣ እሷን ማታለል አይቻልም።

ዋጋው ለኔ ደሞዝ ከበድ ይላል አልዋሽም፣ ግን አልቆጨኝም። ቀለሙ በለብታ ውሃ ሁለቴ ታጥቦም እንዳለ ነው፣ እህቴ ከአሁኑ "የኔስ?" እያለች ነው 😂