ለኮምቦልቻው በያጅ ምስጋና፣ ብሌድ ለምትፈልጉም ጥቆማ

የኩታበርን ክረምት ያየ ያውቀዋል። ከቤታችን እስከ ዋናው መንገድ 1 ኪሎ ሜትር ተኩል ነው፤ ሐምሌ ሲገባ ዳገቱ እየተናደ መንገዱን ጭቃና ድንጋይ ይሞላዋል። አምና ነሐሴ እናቴን ጤና ጣቢያ ያደረስናት በቃሬዛ ነው። ትንሿ ትራክተሬ ግቢ ውስጥ ቆማ፣ ጎረቤት እየተፈራረቀ ሲሸከማት፣ ከኋላ እየተከተልሁ አለቀስሁ። ከትራክተሯ ፊት ጭቃ መግፊያ ብሌድ (ሰፊ የብረት ሰሌዳ) ለማስገጠም የቆረጥሁት ያን ዕለት ነው።

መጀመሪያ የሸጠልኝ ሰው «ከውጭ የመጣ ነው፣ ለሁሉም ይሆናል» ብሎ ማለልኝ። ለካ የፈረንጅ አገር አመዳይ ለመጥረግ የተሠራ ነው! በሁለተኛው ቀን ላሜራው ድንጋይ ነክቶ ታጠፈ፤ ሰውየውም ስልኬን ማንሳት አቆመ። ያስጠገንሁበት ቦታ ደግሞ የባሰ ሆነ። ሁለት ሳምንት አመላልሰውኝ፣ ሻንሲዬን በስተው፣ ሙሉ ሒሳብ ተቀበሉኝ፤ ቡሎኖቹ ግን በማግሥቱ ረገፉ። የበጎቼ ዋጋ ነበር። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ከዚያ በኋላ ነው ሰው ወደ ኮምቦልቻ የጠቆመኝ። ጋሼ (ስማቸው እንዳይጻፍ ለምነውኛል) ስለ ዋጋ አንድ ቃል ሳይናገሩ «ልጄ፣ የምትገፋው ምንድን ነው?» አሉኝ። እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቀኝ አልነበረም። ካፊያው እየወረደ ጆንያ አንጥፈው ከትራክተሯ ሥር ገቡ፤ ሲወጡ ጀርባቸው በጭቃ ተለውሶ ነበር። ከዚያ አሮጌውን ብሌድ መሬት ላይ አጋድመው ሜትር ዘረጉ። ስፋቱ 1 ሜትር ከ20 ነው፤ ከጎማ እስከ ጎማም እንዲሁ። «ቀጥ ብሎ ሲቆም ይሸፍንልሃል። ጭቃውን ወደ ጎን ለመጣል ስታዞረው ግን 1 ሜትር ከ4 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይቀረዋል። የገፋኸውን ጎማህ መልሶ ይረግጠዋል» አሉኝ። ስቃዬ ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተገለጠልኝ።

1 ሜትር ከ50 አድርገው፣ በወፍራም ላሜራ ሠሩልኝ። ከኋላው ስላስገቡት ሞላ ብዙ አስረድተውኛል፤ እኔ የገባኝ ድንጋይ ሲነካ ብሌዱ ራሱ አጎንብሶ እንደሚያልፍ ነው። የተባለው ቀን ሳያልፍ፣ የተባለው ዋጋ ሳይጨምር ተረከብሁ። ሻንሲዬ ላይ የተበላሸውን ቀዳዳም በነፃ በየዱልኝ። ልከፍል ብል «እሱ የእናትህ ነው» ብለው እጄን መለሱት።

ዘንድሮ ሐምሌ እናቴ ቀጠሮዋን የሄደችው በባጃጅ ነው፣ በራችን ድረስ መጥቶ ወሰዳት። ቡና በተፈላ ቁጥር ሳትመርቃቸው አቦሉን አትቀምስም። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ ጋሼ!

ወገኖቼ፣ ደሴም ሆናችሁ ሐይቅ ወይም ወረኢሉ፣ ገንዘባችሁን ከመበተናችሁ በፊት እኚህን ሰው አማክሩ። እባካችሁ አማክሯቸው። አድራሻቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ። ስትሄዱ የትራክተራችሁን ስፋት ከጎማ እስከ ጎማ ለክታችሁ ሂዱ፤ ከምትገፉት ነገር ቀጥሎ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።