ተዳፋት ሳር ግቢን ጓሮ አትክልት ለማድረግ፦ የድንጋይ እርከን ወይስ የአፈር መደብ?

አዳማ ላይ ግቢዎ ተዳፋት ከሆነ፣ የሐምሌ ዝናብ አፈሩን ከነዘሩ ወደ በሩ ሲያወርደው አይተው ይሆናል።

ወጪ፦ እርከን ድንጋይ፣ ማጓጓዣና ግንበኛ ይፈልጋል። መደብ ዶማና ጉልበት ይበቃዋል።

ልፋት፦ ለሁለቱም ፈተናው ሰርዶ ነው። ቁራጭ ነጭ ሥር አፈር ውስጥ ከቀረች መልሳ ታቆጠቁጥና ቃሪያውን ታንቀዋለች፤ በእጅ እየለቀሙ ማውጣት ግድ ነው። መደቡ ተዳፋቱን አቋርጦ፣ በውሃ ልክ ተለክቶ ይሠራ።

ስጋት፦ መደብ በከባድ ዝናብ ይናዳል። እርከን በደንብ ከተካበ ትውልድ ይሻገራል፤ በ2011 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበው የኮንሶ ካብ ምስክር ነው። እኔ ያለ ሲሚንቶ ቢካብ እመርጣለሁ፤ ውሃው በድንጋዮቹ መሃል ስለሚወጣ ካቡን አይገፋውም።

ለተከራይ፣ ቁልቁለቱም ቀላል ለሆነ ግቢ መደብ፤ ቤቱ የራስ ሆኖ ቁልቁለቱ ከበረታ እርከን።