ሌባ መከላከያ ብሎን ለሞተር የጎን ከቨር፦ ለየትኛው ይሠራል?

ለሞተር ሳይክል የጎን ከቨር (ከመቀመጫው ሥር በጎን በኩል ላለው የፕላስቲክ መሸፈኛ) የሚሸጠው ሌባ መከላከያ ብሎን አናቱ ክብና ዝቅ ያለ ነው። መፍቻ የሚገባበት ጉድጓድ ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ ሲሆን መሐሉ ላይ ትንሽ ፒን ቆሞበታል። ስለዚህ የሚፈታው ጫፉ በተበሳ የኮከብ መፍቻ ብቻ ነው። አናቱ ዝቅ ማለቱም ይጠቅማል፤ ፒንሳ የሚይዘው ነገር አያገኝም።

በተራ ብሩጎላ በግማሽ ደቂቃ የሚወልቀውን ከቨር ማዘግየት ነው ሥራው፣ በዚህ ልክ ጥሩ ዕቃ ነው። የተበሳው መፍቻ ርካሽ የመፍቻ ስብስብ ውስጥም ስለሚገኝ አስቦበት የመጣውን ሌባ አያቆምም።

ከመግዛትዎ በፊት ከቨሩ በምን እንደተያዘ ይዩ። እ.ኤ.አ. የ1970ዎቹን ሆንዳ ሲቢ 750 ብንወስድ፣ የጎን ከቨሩ ብሎን የለውም። ከጀርባው የወጡት የፕላስቲክ እግሮች ሻሲው ላይ ባሉ ጎሚኒዎች (የጎማ ቀለበቶች) ውስጥ ተሰክተው ነው የሚይዙት። ለማውለቅ እጅ ብቻ ይበቃል። ለእንዲህ ዓይነቱ ይህን ብሎን መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። አንድ ብሎንና ሁለት እግር ላለው ከቨር ግን ይረዳል፣ ምንም እንኳ ጉልበተኛ ሌባ ሰብሮ ሊወስደው ቢችል።

እውነቱን ለመናገር፣ ከሌባ ይልቅ ባለቤቱ የሚሰብረው ከቨር ሳይበዛ አይቀርም። አንዱን ጥግ ይዞ መጎተት ከቨሩን ያጣምመዋል፤ ያን ጊዜ ገና ያልወጣው እግር ከሥሩ ይቀነጠሳል። ትክክለኛው አወላለቅ ጣትን እግሩ አጠገብ አስገብቶ በቀጥታ ወደ ውጭ መሳብ ነው፤ አንዱ ሲወጣ ወደ ቀጣዩ። ካቻቪቴ አስገብቶ መፈልቀቅ ቀለሙንም እግሩንም ያጠፋል። ጎሚኒው ከደረቀ የሳሙና ውሃ ወይም ሲሊኮን ይቀቡት እንጂ ግሪስና ቤንዚን አያስነኩት፤ ጎማውን ያሳብጡታል። ድንጋይ የሆነ ጎሚኒ ደግሞ ይለወጥ።

ብሎኑን ሲገዙ ውፍረቱንና ርዝመቱን ከአሮጌው ጋር ያስተያዩ። 6 ሚሊ ሜትር ብሎን ቁጥር 30 የኮከብ መፍቻ፣ 5 ሚሊ ሜትሩ ቁጥር 25 ይወስዳል። ብሎኑ ከአሮጌው ከረዘመ ጫፉ ከጀርባ ያለውን ሽቦ ሊነካ ይችላል። ከቨሩ ቀዳዳ ውስጥ ያለችውን የብረት ቀለበት አይጣሏት፤ እሷ ከሌለች ጥብቀቱ ሁሉ ፕላስቲኩ ላይ ያርፍና ይሰነጥቀዋል። የብሎን ማጣበቂያ ፈሳሽም ተጠንቅቀው ይጠቀሙ። ጠብታው ብዙ ከቨር የሚሠራበትን ኤቢኤስ ፕላስቲክ ሲነካ ስንጥቅጥቅ ያደርገዋል። አይዝጌ ብሎን አሉሚኒየም ውስጥ የሚገባ ከሆነ ግን ጥርሱ ላይ ፀረ ዝገት ቅባት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ሁለቱ ብረቶች ከጊዜ በኋላ ይነካከሳሉ።

የዚህ ብሎን ዋና ጉድለቱ ጭቃ ነው። ክረምት ላይ በፒኑ ዙሪያ ያለው ክፍተት ይሞላል፤ መፍቻው እስከ ታች ሳይገባ ሲዞር የኮከቡን ጥርስ ይልጠዋል። ከመፍታት በፊት በመርፌ መጥረግ፣ ከገጠሙ በኋላ ደግሞ ጉድጓዱን በትንሽ ግሪስ መድፈን ይበቃል፤ ግሪሱ ከፕላስቲኩ እንዳይደርስ ብቻ።

ብሎን ለሌለው ከቨር የተሻለው መላ 1.5 ሚሊ ሜትር የብረት ገመድ ነው፤ አንዱ ጫፍ ሻሲው ላይ ተጠምጥሞ፣ ሌላው ከከቨሩ ጀርባ በኢፖክሲ ማጣበቂያ በተለጠፈ ቀለበት ላይ በተጨመቀ ማሰሪያ ይታሰራል። ኢፖክሲው እንዲይዝ ፕላስቲኩን ቁጥር 120 በሆነ የብርጭቆ ወረቀት ይሻክሩት፣ በአልኮል ይጥረጉት። አሴቶን ግን አይጠቀሙ፤ ኤቢኤስን ያቀልጣል። 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ከቨሩን አንጠልጥሎ ለመሥራት ይበቃል፤ መንገድ ላይ ተነቅሎ ቢወድቅም አይጠፋም። ገመዱ ግን በፕላስቲክ የተሸፈነ ይሁን። ከሲቢ 750 ግራ ከቨር ጀርባ የሞተር ማስነሻው ሶሌኖይድ (የባትሪውን ኃይል ወደ ማስነሻው የሚያገናኘው ማብሪያ) አለ፤ ራቁት ገመድ የሶሌኖይዱን ጫፍና ሻሲውን አንድ ላይ ቢነካ ሾርት ያደርጋል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል።

ከከቨሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ የሻሲ ቁጥሩን በመርፌ መቅረጽም አይከፋም፤ የተሰረቀ ዕቃ ሲገኝ የማን እንደሆነ ያሳያል። የተበሳውን መፍቻ ደግሞ የትም ያስቀምጡት፣ ከቨሩ ሥር ባለው የመሣሪያ ቦርሳ ውስጥ ብቻ አያስቀምጡት።