ካሚኒቶ ዴል ሬይ በግንበኛ ዓይን

በደቡብ ስፔን በማላጋ አውራጃ በገደል ላይ የተንጠለጠለው የእግረኛ መንገድ፣ ካሚኒቶ ዴል ሬይ (ትርጉሙ «የንጉሡ ትንሽ መንገድ»)፣ «የዓለም አደገኛው መንገድ» እየተባለ ብዙ ተወርቶለታል። ዛሬ ያ ዝና የሚጠቅመው ለትኬት ሽያጭ ብቻ ነው። ዕድሜዬን በግንባታ ሥራ ያሳለፍኩ ስለሆንኩ ጓደኞቼ ወደ ገደሉ ሲያዩ እኔ ወለሉን የተሸከሙትን ብረቶች ነበር የማየው። አለቱን ሰርስረው የገቡ ናቸው፤ ብንረግጣቸውም አልተንቀጠቀጡም። የሽቦው መከላከያም ከወገብ በላይ ይደርሳል።

የሚያስፈራው ከሥር የሚታየው አሮጌው መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1901 እስከ 1905 የተሠራው የውኃ ኃይል ማመንጫ ሠራተኞች እንዲመላለሱበት ሲሆን፣ ንጉሥ 13ኛው አልፎንሶ በ1921 ለግድብ ምረቃ መጥተው ስላለፉበት ስሙን ከእርሳቸው አገኘ። ከዚያ በኋላ ጠጋኝ አጣ። ስሚንቶው እየተገመሰ ወንዙ ውስጥ ገብቷል፤ አንዳንድ ቦታ የቀረው ከአለቱ የወጣ የዛገ ብረት ብቻ ነው። በ1999 እና በ2000 ሰዎች ወድቀው ከሞቱ በኋላ ተዘጋ፤ አዲሱ በ2015 ተከፈተ። መሐንዲሶቹ ፍርስራሹን ጠርገው አለመጣላቸው ትልቅ ማስተዋል ነው። ጥገና የተነፈገ ሥራ ምን እንደሚሆን ለተማሪዎች ማሳየት የሚፈልግ መምህር እዚህ ያምጣቸው።

መንገዱ በአጠቃላይ 7.7 ኪሎ ሜትር ነው፤ በገደሉ ላይ የተንጠለጠለው ግን ከፊሉ ብቻ ነው፤ ሌላው የአፈር መንገድ ነው። ጉዞው ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ከፍታ የሚያዞረው ሰው ይህን አስቀድሞ ይወቀው። በሁለቱ ጠባብ ገደሎች መካከል ሰፊ ሸለቆ አለ። ብዙው ሰው እየተቻኮለ ያልፈዋል። እኔ ግን ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ከጓዳሎርሴ ወንዝ ማዶ ተራራውን በዋሻ የሚበሳውን የባቡር ሐዲድና ከራሴ በላይ የሚያንዣብቡትን ጥንብ አንሳዎች ስመለከት ቆየሁ። ከአስጎብኚ ቡድን ጋር ብሆን ኖሮ ማን ያስቀምጠኝ ነበር? ለዚህ ነው ያለ አስጎብኚ የሚገባበትን የ10 ዩሮ ትኬት የምመርጠው። ትኬቱ ቶሎ ስለሚያልቅ ቀደም ብሎ መግዛት ይበጃል።

የሚያናድደው ፎቶ አንሺው ነው። አንድ ሜትር ያህል በሚሰፋ ወለል ላይ አንዱ ሲቆም ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማል፤ ያጠለቅነው የራስ ቁር ደግሞ በፀሐይ ይግላል።

መጨረሻ ላይ ከወንዙ 105 ሜትር ከፍ ብሎ የተዘረጋው ተንጠልጣይ ድልድይ ይመጣል። ወለሉ ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ ቁልቁል ያሳያል፤ ነፋስ ሲነሳም ይወዛወዛል። ጉልበቴ የተንቀጠቀጠው እዚህ ብቻ ነው። ከ8 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አይገቡም፤ በመንገዱ ላይ መጸዳጃ ቤት የለም። ከድልድዩ በኋላ ደረጃ ስላለ ውኃችሁን ቀድማችሁ አትጨርሱ፤ መኪናችሁን መግቢያው ላይ ካቆማችሁ መውጫው ላይ ካለችው ኤል ቾሮ መንደር የሚመልሳችሁ አውቶቡስ አለ።