ቲንክፓድ ቤት ሆኖ ለሚሠራ ሰው፦ ስለ ባትሪው

ይህን የሌኖቮ ቲንክፓድ ላፕቶፕ የገዛሁት ለትርጉም ሥራዬ ነው። ኪቦርዱ ምቹ ነው፤ ስክሪኑም ደህና ነው። ልቤን የወሰደው ግን የባትሪ አያያዙ ነው። ሌኖቮ ቫንቴጅ በሚባለው ፕሮግራም ገብቼ ቻርጁ 80 በመቶ ላይ እንዲቆም አደረግሁት። ቀኑን ሙሉ ሶኬት ላይ ስለሚውል ይሄ ለኔ ትልቅ ነገር ነው። የሊቲየም ባትሪን ቶሎ የሚያስረጀው ሙቀትና ሁልጊዜ ሞልቶ መቆየት ነዋ! ሻጩ «መጀመሪያ ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ አድርጊው» ብሎኝ ነበር። ያ ለድሮ ባትሪዎች የሚሰጥ ምክር ነው፤ ለዚህ አያስፈልግም። መብራት ሊጠፋ ነው ሲባል ብቻ ገደቡን አንስቼ 100 እሞላዋለሁ። ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጦ መሥራት ግን በፍጹም! አየር ማስገቢያው ከሥር ስለሆነ ይታፈናል። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ፣ ፕሮግራሙ ላይ የባትሪውን የፋብሪካ አቅምና የአሁኑን አስተያዩ፤ ከዚያ ክፈሉ።