መጀመሪያ ተሰፍቶ፣ ኋላ የተሸነሸነ

ልብስ ሰፊ ነኝ። ልብስ ስገዛ መጀመሪያ የማየው ውስጡን ነው። ቶኪዮ፣ ሺሞኪታዛዋ ሰፈር ካለ አንድ የልባሽ ልብስ ሱቅ ያነሳሁትን የጃፓናዊው ዲዛይነር የኢሴይ ሚያኬ «ፕሊትስ ፕሊዝ» የተባለ ሽንሽን ሸሚዝም ወዲያው ገለበጥኩት። ግራ ገባኝ። ሽንሽኑ ስፌቱንም አልማረውም። ጎኑ፣ ብብቱ፣ የእጅጌው ጫፍ፣ ሁሉም አብሮ ተሸንሽኗል። እኛ እኮ የተሸነሸነ ጨርቅ ነው ቆርጠን የምንሰፋው!

ለካ የእሱ የተገላቢጦሽ ነው። ሸሚዙ ከሚፈለገው ልክ ከ2.5 እስከ 3 እጥፍ ትልቅ ተደርጎ ይቆረጣል፣ ይሰፋል። ከዚያ በሁለት ወረቀት መሃል ሆኖ ማሽን ውስጥ ይገባል። ማሽኑ ከነወረቀቱ እያጠፈ በሙቀት ይጫነዋል። ሲወጣ የሰው ልክ ሆኗል። ፖሊስተር የሆነውም ለዚህ ነው። በሙቀት ይለሰልሳል፣ ሲቀዘቅዝ የያዘውን እጥፋት አይለቅም። ጥጥ ቢሆን አንድ አጠባ ይበቃው ነበር።

9,000 የን ከፈልኩ። ቁልፍ የለው፣ ዚፕ የለው፤ በራስ ማጥለቅ ብቻ። እጄን ሽቅብ ስዘረጋ ሽንሽኑ እንደ አኮርዲዮን ይከፈታል፣ ሳወርድ ይገጥማል። ብብት ላይ የሚይዝ ነገር የለም። ሚያኬ እ.ኤ.አ. በ1991 ለፍራንክፈርት ባሌት ዳንሰኞች በዚህ ዘዴ ልብስ መሥራቱ አሁን ገባኝ። «ፕሊትስ ፕሊዝ» ራሱን የቻለ ብራንድ ሆኖ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ጠቅልዬ ቦርሳ ውስጥ ወትፌው አደርኩ፤ ጠዋት አንድ ጭምድድ የለበትም።

(ሚያኬ ከዲዛይነር ዳይ ፉጂዋራ ጋር የሠራው ኤፖክ የተባለ የልብስ አሠራር ደግሞ ይብሳል። በኮምፒውተር የሚታዘዝ ማሽን ከክር ተነስቶ ቱቦ የመሰለ ጨርቅ ያወጣል፤ የልብሱ መስመር እላዩ ላይ አለ። ገዢው በመቀስ ቆርጦ ይለብሳል። ያ ቢስፋፋ ኖሮ እኔ ምን እበላ ነበር?)

አንገቱ ለእኔ ትንሽ ከፍ ይላል። ከዚያ ውጪ የማማርረው ራሴን ነው። የለመደ እጅ አይደል፣ የታችኛውን ጫፍ በጋለ ካውያ ነካ አደረግኩት። ሽንሽኑ ለጥ አለ፤ ጫፉ እንደ ጥሩምባ ተከፈተ። ተናድጄ ሜትሬን አመጣሁ። ያልነካሁትን ጎን 4 ሴንቲ ለካሁ፤ በካውያው የተዘረጋው፣ ያንኑ ያህል ሽንሽን የነበረበት ቦታ፣ 11 ሴንቲ ሆኗል።